እንግዳ ቀምሶት የማያውቅ ሾርባ

እትዬ ሂሳኖ ቤታችሁ ስትመጣ አስቀድማ የምትጠይቀው ጤንነታችሁን አይደለም፤ ሾርባችሁን ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ቀጥታ ወደ ማድቤት ትሄዳለች፣ ድስቱን ከፍታ ታሸታለች፣ ከሽርጧ ኪስ የትኩሳት መለኪያ የሚመስለውን የጨው መለኪያዋን አውጥታ ትነክራለች። ከዚያ ቁጥሩን ሳይሆን ፊታችሁን ነው የምታየው፤ ጥፋተኛ ፊት ከሩቅ ያስታውቃል ባይ ናት። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የከተማችንን የካሚሳዋን ወንድ ሁሉ ጉሮሮ በምላጭ ሥር አሳልፌያለሁ፤ ሰው እሷን የሚፈራትን ያህል ግን እኔን ፈርቶኝ አያውቅም።

እሷ የምትመራቸው ጎረቤት ሴቶች «የሾርባ ሴቶች» ይባላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ በየቤቱ ዞረው በጨው ከተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው የሚሶ ሾርባ ምን ያህል ጨው እንዳለው ይለካሉ፣ ውጤቱንም ለዩኒቨርሲቲው ሐኪሞች ይሰጣሉ። ደመወዝ የላቸውም። ያላቸው ነጭ ሽርጥና ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑ ደግሞ ከደመወዙ ሳይጣፍጣቸው አይቀርም።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ባሕር?» ትላታለች ሚስቴን። ሚስቴ የልጅ ልጅ አላት።

ነገሩ የተጀመረው ከተማችን በአገሩ ሁሉ በስትሮክ ሞት አንደኛ በነበረችበት ዘመን ነው። ክረምታችን ረጅም ነው። አትክልት የሚከርመው ጨው ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ ወንዱ እሱን በልቶ፣ የሩዝ መጠጡን ሳኬውን ጠጥቶ፣ አካፋውን ይዞ በረዶ ሊጠርግ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ ታዲያ በእግሩ አይወርድም። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ከዩኒቨርሲቲ መጣና ጨውና የደም ግፊት የሰውን አንጎል እንዴት እንደሚያበላሹት በዚህ ከተማ ሕዝብ ላይ ዕድሜ ልክ ላጥና አለ። እኛም በሕይወታችን በአንድ ነገር አንደኛ ወጥተን ስለማናውቅ ደስ አለን።

የእትዬ ሂሳኖ ባል ኢሳኩ የማዘጋጃ ቤቱ የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሾፌር ነበር። የአገሩን በረዶ ጠርጎ ሲመለስ የገዛ ጣሪያው ላይ ወደቀ። ገና ጎልማሳ ነበር። ፕሮፌሰሩ ለቅሶ ቤት መጣ፣ ግንባሩን ወለል ላይ አድርጎ የሟቹን ጭንቅላት ከፍተን እንድናይ ፍቀዱልን አለ። በኛ ከተማ አስከሬን የሚያስነካ ሰው አልነበረም። የኢሳኩ ታናሽ ወንድም ቶኩዞ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜን እንደ ዓሣ አትዘለዝሉትም» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ሂሳኖ ግን ፕሮፌሰሩን ጠየቀችው። «ከሱ ምን ታገኛላችሁ?»

«ከአንድ ሰው ምንም አናገኝም እመቤቴ። ብዙ ሰው፣ ብዙ ዓመት ካየን ግን የማን ደም ሥር እንደሚፈነዳ፣ የማን እንደሚተርፍና ለምን እንደሆነ እናውቃለን።»

«ብዙ ዓመት ስንት ነው?»

«ሠላሳም ቢሆን ነው። ሊበልጥም ይችላል።»

«እንግዲያው ውሰዱት» አለች። «ግን ሳትጨርሱ እንዳትተዉት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ቶኩዞና እሷ በአንድ አጥር ተለያይተው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ለነገሩ በሙያም አይገጥሙም። እሱ የሚተዳደረው ፍጅል በጭስ አድርቆ፣ በጨው ቀብሮ በመሸጥ ነው። እሷ ደግሞ በየቤቱ እየዞረች የሱን ፍጅል «የሬሳ ሣጥን ሚስማር» ስትል ኖረች። ፍጅሉ ጣፋጭ ነው፤ እኔም በድብቅ እገዛዋለሁ።

ሽማግሌው ፕሮፌሰር ሲያርፍ ጥናቱን ዶክተር ናሩሴ ወረሰ። ደግ ሰው ነው። አንድ ችግር ቢኖርበት ይቅርታ መጠየቅ ማብዛቱ ነው፤ በር ቢገጨው በሩን ይቅርታ ይጠይቃል። ደማችንን በየዓመቱ ይቀዳል፣ ሾርባችንን ይመዘግባል፣ ስንሞትም ቤተሰብ ከፈቀደ ከፍቶ ያየናል። እኛም ለምደነው ነበር። የምርመራው ሰሞን በአውቶቡስ እየተሰበሰብን፣ ምሳ እየበላን፣ ሐሜታችንን የምንጨርስበት በዓላችን ሆኖ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ቶኪዮ ላይ መንግሥት ተለወጠ። አዲሶቹ ሹማምንት የሕዝብ ገንዘብ ይባክናል ብለው የበጀት ቆራጭ ኮሚቴ አቋቋሙና ክርክሩን በቴሌቪዥን ያስተላልፉት ጀመር። እኔም ቆራጭ ነኝና ሥራቸውን በባለሙያ ዓይን ተመለከትኩት። እነሱ መስታወት አያዩም፤ ከየትም ይጀምራሉ፣ ጆሮ ይሁን ፀጉር ግድ የላቸውም። ዶክተር ናሩሴ ተራው ደርሶ ሲቀርብ ሱቄ ሙሉ ሰው ነበር።

«ጨው እንደሚጎዳ የማያውቅ ሰው አለ?» አለው አንደኛው ቆራጭ።

«የለም። ይቅርታ።»

«ሁሉም ካወቀው ለምንድን ነው ገና የምታጠኑት?»

«ይቅርታ፣ ማወቅና…» ሲል ደወሉ ተደወለ። ጊዜው አልቋል ተባለ። ከኛ ቀጥሎ የቀረበው ሰው የሚጠይቀው ለአንድ ድልድይ ነበር፤ ወንዝ እንኳ የለውም፤ እሱ አለፈለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዶክተሩ መርዶውን ለእትዬ ሂሳኖ ራሱ ሊነግራት መጣ። እኔ ጎረቤት ነኝና ከሥሩ ማሞቂያ ባለው ዝቅተኛ ጠረጴዛዋ እግሬን ዘርግቼ ሻይ እጠጣ ነበር።

«ኢሳኩስ?» አለችው አንገቱን ደፍቶ ከጨረሰ በኋላ።

«የናሙና ክፍሉም ይዘጋል እትዬ። እዚያ ያሉት ናሙናዎች… በደንቡ መሠረት ይወገዳሉ። ይቅርታ።»

«ይወገዳሉ ማለት ይጣላሉ ማለትዎ ነው?»

ዶክተሩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷ አላለቀሰችም። ሽርጧን አጣጠፈች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። በሬሳ ላይ ከባሏ ወንድም ጋር የተጣላችለት ሥራ ሳያልቅ ሊተው ነው፤ ያውም የባሏ አንጎል ዩኒቨርሲቲ ጓዳ ውስጥ እንዳለ። አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቷል አላት ዶክተሩ፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ኮሚቴ ወደ ከተማችን መጥቶ ሊሰማን ተስማምቷል፣ ካሳመንነው ወጪውን እሱ ይሸከማል።

እንግዲህ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያ ሰሞን የከንቲባ ምርጫ ዋዜማ ነበር። ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ጥናቱን እኔ አድነዋለሁ አሉ። ሱቄ ሁለት ወንበር ነው ያለው። ከንቲባ ኩሮታኪና ተፎካካሪው ሙራኮሺ፣ የማዳበሪያ ነጋዴው፣ አንድ ቀን እኩል መጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡልኝ።

«ኮሚቴው የሚፈልገው ስኬት ነው» አለ ከንቲባው በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። «የከተማችን ጨው ዝቅ ብሎ ከተገኘ ‹ገንዘቡ ሥራ ሠርቷል› ብለው ይጨምሩልናል። የሚሸለመው ጎበዝ ተማሪ ነው።»

«ይበሉ እንጂ ክቡር ከንቲባ» አለ ሙራኮሺ። «ለዳነ ሰው መድኃኒት የሚገዛ የት አይተዋል? ገንዘብ የሚሄደው ችግር ወዳለበት ነው። ጨዋችን ከቀነሰ ‹ድነዋል› ብለው በሩን ይዘጉታል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል የተባለው ለኛ ነው።»

«የርስዎ ፖለቲካ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል።»

«የርስዎማ ምንም አይሸትም፤ ምንም የለበትማ።»

«ሁለታችሁም ካልተረጋጋችሁ ጆሮ ይተርፋችኋል ብዬ አልገምትም» አልኳቸው፣ ምላጩን ከፍ አድርጌ። ሁለቱም ጆሯቸውን ያዙ።

ወሬው ከሱቄ ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። ከዋናው መንገድ በላይ ያለው ሰፈር የከንቲባው ነው፤ በታች ያለው የሙራኮሺ። የላይኛው ሰፈር ሾርባ ማቅጠን አገር ማዳን ነው ብሎ አመነ፤ የታችኛው ደግሞ ጨው ማብዛት። ሁሉም ለዶክተሩ አዝኖ፣ ለጥናቱ አስቦ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ።

የሾርባው ምርመራ ድንገተኛ መሆን አለበት፤ የፕሮፌሰሩ ትእዛዝ ነው። እትዬ ሂሳኖም ትእዛዙን አንድም ዓመት አጉድላ አታውቅም። በየምሰሶው ላይ ስለ በረዶና ስለ ድብ የሚያስጠነቅቀን የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ሁልጊዜ በዋዜማው በሱ ታስነግራለች። «ለካሚሳዋ ነዋሪዎች በሙሉ። ነገ ጠዋት የሾርባ ሴቶች ሳይታሰብ ወደየቤታችሁ ይመጣሉ። እባካችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ።» በዚህ የተገረመ ሰው ኖሮ አያውቅም። ድብ ሲመጣ ይነገራል፤ እሷ ስትመጣ የማይነገርበት ምክንያት አልታየንም።

የዚያን ዓመት ላይኛው ሰፈር ውሃ አፍልቶ የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ጣለበትና ሾርባ ነው አለ። ታችኛው ሰፈር እንቁላል የሚንሳፈፍበት ነገር አቀረበ። እኔ ቤቴ መንገዱ ላይ ነው፣ ደንበኞቼም ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ ሚስቴ ሁለት ድስት ጣደች።

«ይሄ የማን ነው?» አለቻት እትዬ ሂሳኖ።

«የከንቲባው።»

«ያኛውስ?»

«የአቶ ሙራኮሺ።»

«የናንተስ የታለ?»

«እኛማ ቁርሳችንን በልተን ጨርሰናል።»

እትዬ ሂሳኖ ሁለቱንም ለካችና ወጣች። በዚያ ቀን ያየችው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ የማንንም ፊት አላየችም። ከሁለቱ ብልሃት አንዱ እንኳ ቢሠራ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር መሰለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ኮሚቴው ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ዶክተር ናሩሴ አንድ ትልቅ ካርታ ጠቅልሎ ከተፍ አለ። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ነኝ፤ ክረምት ላይ የሷ ማሞቂያ ከኔ ይሻላል።

«ይቅርታ እትዬ ሂሳኖ። ይሄ የጨው ካርታ ነው። ሰማያዊው ጨው የሌለው ቤት፣ ቀዩ ጨው የበዛበት ነው። ከመንገዱ በላይ ሁሉም ሰማያዊ፣ ከመንገዱ በታች ሁሉም ቀይ። በሕክምና እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። በመንገድ የሚቆም በሽታ የለም።»

አየሁት። «ዶክተር፣ ይሄማ የምርጫው ካርታ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ይሄ ከላይኛው ሰፈር ብቻውን የቀላውስ?»

«የከንቲባው ቤት ነው። ሾርባውን የምትሠራው አማቱ ናት።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ቆይ፣ ምርመራው ድንገተኛ አይደለም እንዴ? መቼ ተዘጋጁበት?»

«ድንገተኛ ነው እንጂ» አለች እትዬ ሂሳኖ ቅር ብሏት። «በዋዜማው በድምፅ ማጉያ አስነግረናል።»

«በምን?»

«በድምፅ ማጉያ። ሳያስታውቅ ሰው ቤት የሚገባ ሌባ ነው ዶክተር። የሰውን ሴት ድስቷ ሳይሰናዳ ልይዛት ነው?»

«ዘንድሮ ብቻ ነው?»

«በየዓመቱ ነው እንጂ። ፕሮፌሰሩ በሕይወት ሳሉ ጀምሮ።»

ዶክተሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ይቅርታ ሳይል የቀረበት ብቸኛ ጊዜ እሱ ነው። ቀና ሲል ፊቱ ነጭ ሆኗል። «እንግዲያው እስከዛሬ ስንለካ የኖርነው የእንግዳ ሾርባ ነው» አለ። «ከደም ምርመራው በፊትም ፍጅል የሚተው አይጠፋም። አንዴም ያልዋሹን የሞቱት ናቸው። ጋሽ ኢሳኩና ጓደኞቹ።» ካርታውን ጠቀለለ። «ለኮሚቴው እናገራለሁ።»

«እንዳይናገሩ» አለች እሷ።

«እትዬ…»

«ከተናገሩ ይዘጉታል። ከዘጉት ኢሳኩን ይጥሉታል። ሳትጨርሱ እንዳትተዉት ብዬ ነው የሰጠሁት። አደራ ነው።»

«ዋሽቼ ካስቀጠልኩትማ ዛሬውኑ ተውኩት ማለት ነው» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ፣ እጅ ነሥቶም ወጣ።

እትዬ ሂሳኖ የሱን ሻይ ወደ ራሷ ሲኒ ገለበጠችና እስኪበርድ አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ነገ ጠዋት ቀድመህ ትመጣለህ። ቦርሳዬን ትይዝልኛለህ።»

«የት ልንሄድ ነው?»

«ሰው ቤት።»

«አስነግረሻል?»

«አላስነገርኩም።»

ባንክ እንዝረፍ ያለችኝ ያህል ደነገጥኩ።

በማግስቱ፣ የቁርስ ሾርባ ገና እሳት ላይ ሳለ፣ ያቺ ሴትዮ ከሁሉ ቤት መርጣ የቆመችው ጋሽ ቶኩዞ ደጃፍ ላይ ነው። ጋሽ ቶኩዞ የሱፍ ሙታንታውን እንደለበሰ ከፈተ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም። ሾርባህን ልለካ ነው የመጣሁት።»

«በድምፅ ማጉያ አልተነገረም እኮ።»

«አልተነገረም።»

«ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውር ነው» አለች።

ጋሽ ቶኩዞ ጫማውን አጠለቀ። «እሺ፣ ትለኪያለሽ። አስቀድመሽ ግን የራስሽን ድስት አሳዪኝ።»

ያን ጊዜ ነው ጥፋተኛ ፊት ምን እንደሚመስል ያወቅኩት። እትዬ ሂሳኖ ቀላች፣ ሽርጧን ነካካች፣ ብርድ ነው አለች፣ እኔን አየችኝ። የማንም እጅ የእሷን ድስት ከፍቶ እንደማያውቅ የዚያን ዕለት ገባኝ። አጥሩን ዞረን ቤቷ ገባን። ጋሽ ቶኩዞ መለኪያውን ከእጇ ተቀብሎ ነከረና ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ የበሩን መቃን ይዞ እስኪያስለው ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የኔ ፍጅል እንኳ ይሄን ቢያይ ያፍራል። ዕድሜ ልክሽን አገር ስታሰቃዪ ኖረሽ…»

«የኔ አይደለም» አለች። «የኢሳኩ ነው።»

ጓዳው ጥግ የኢሳኩ ፎቶግራፍ ያለበት የመታሰቢያ ሣጥን አለ። ጠዋት ጠዋት ሩዝና ሾርባ ታቀርብለታለች። እሱ በሕይወቱ ሲወደው እንደኖረው አድርጋ ነው የምትሠራው፤ ሞቶ እንኳ ቀጭን ሾርባ ላጠጣው እንዴ አለችን። ለሞተ ሰው ጨው ምን ያደርገዋል?

«ከቀረበለት በኋላስ ማን ይበላዋል?» አለ ጋሽ ቶኩዞ።

«ለሟች የቀረበ ምግብ አይደፋም» አለች።

«ግፊትሽስ?»

«መድኃኒቴን እውጣለሁ።»

የጋሽ ቶኩዞ ሳቅ ጠፋ። ከሣጥኑ ፊት ሳህኑን አነሳና አንዴ ተጎነጨ፤ ደግሞ ተጎነጨ። «የኢሳኩ ሾርባ ነው» አለ። «እናታችን እንዲህ ነበር የምትሠራው። እኔ ቤትማ ምንም ብደክም እንዲህ አልሆን ብሎኛል።» ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እሷም ተቀመጠች። እኔ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ አለቀስኩ። የሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያ እንዲህ በአንድ ሳህን ሾርባ ሲፈታ ማየት ለኔ ዕድሜ ከባድ ነው።

የሱም ሾርባ ተለካ፤ ከኢሳኩ የሚያንሰው በጥቂቱ ነው። ከዚያ ሦስታችንም ሆነን ከተማውን አዳረስነው። አንዷ ድስቷን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደብቃ አገኘናት። አንዷ በመስኮት እያየችን የለሁም አለች። ከንቲባው ስለ ጤና ንግግሩን እያጠና የሚያጣጥመው ሾርባ ምላስ የሚያቃጥል ነበር። የጨው ጠበቃው ሙራኮሺ ደግሞ ከከተማው ሁሉ ቀጭኑን ሾርባ ሲጠጣ ተያዘ።

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው» አለ በሹክሹክታ። «እባካችሁ ከምርጫው በፊት እንዳይወራ።»

ኮሚቴው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ አቶ ኦኑኪ ይባላል፤ በመጪው ፀደይ ወንበሩን ለመጠበቅ የሚወዳደር፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው። ዶክተር ናሩሴ ሁሉንም ተናገረ። ድምፅ ማጉያውን ተናገረ፣ የእንግዳውን ሾርባ ተናገረ፣ ሁለቱን ካርታዎች ሰቀለ። በአንደኛው ከተማው እንደ ምርጫው ወገን በመንገድ ተከፍሏል። በሁለተኛው፣ እኛ ሳናስታውቅ በሠራነው፣ ከጥቂት ቤት በቀር ላይም ታችም ቀይ ነው። ሕዝቡ ጫማውን ያይ ጀመር። ሊቀመንበሩ ተነፈሰና ያንኑ የቶኪዮውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማጥናት ምን ያደርጋል?

«ይቅርታ…» ብሎ ዶክተሩ ሲጀምር እትዬ ሂሳኖ ተነሳች። ነጭ ሽርጧን እንደለበሰች ነበር።

«ጨው እንደሚገድል እኔ አውቃለሁ» አለች። «ባሌን ገድሎብኛል። ከዚያ ወዲህ የሰው ድስት ስከፍትና ስቆጣ ኖርኩ። ዛሬ ጠዋትም ጨው በልቼ ነው የመጣሁት። ማወቅ የሚያድን ቢሆን እኔ ግፊት አይኖረኝም ነበር። እያወቅን ለምን እንደምንበላው ከናንተ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝና ቤቴ ልሂድ። የሚያውቅ ከሌለ ግን አጥኑት። ባሌንም አትጣሉት፤ ገና አላለቀም።»

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ በመሐረቧ ተሸፈነች። ሊቀመንበሩም መነጽሩን ጠረገ፤ እኔ በቃ ልቡ ተነካ ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ መጀመሪያው ካርታ ተጠጋ፣ የተሳሳተው ወደሚባለው።

«ይሄ ድምፅ ገና ሳይሰጥ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ ያሳያል?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ። ይቅርታ።»

«ቤት በቤት ትክክል ነው?»

ከንቲባውና ሙራኮሺ ካርታው ላይ ቤት እየቆጠሩ ነበር። ሙራኮሺ ፈገግ አለ፤ ከንቲባው የገዛ ቤቱን ቀልቶ አግኝቶ ገረጣ።

«በሌሎች ከተሞችም ሊሠራ ይችላል?»

«ጌታዬ፣ ይሄ ስህተት እኮ ነው» አለ ዶክተሩ። «የሚሠራው ሰዎች የሚዋሹ ከሆነ ብቻ ነው።»

«እሱን ለኔ ተወው» አለ ሊቀመንበሩ።

ዶክተሩ ሊከራከር አፉን ሲከፍት እትዬ ሂሳኖ እግሩን ስትረግጠው በዓይኔ አየሁ። እንግዲህ ልብ የነካው የሷ ንግግር ነው፤ በጀት ያስፈታው ግን ካርታው ነው። ገንዘቡ ተፈቀደ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ የሊቀመንበሩ ምርጫ እስኪያልፍ። ዶክተሩ ሾርባችንን ሳያስታውቅ ሊለካ፣ የኢሳኩም ጓዳ ሊቆይ ተወሰነ። የሚቀጥለውን ዓመት ማን ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ሥራ በሰው ምርጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር ያናድደኛል፤ ግን ሲጣል ከማየት ይሻላል።

በማግስቱ ጠዋት እሷ ቤት ስሄድ ጋሽ ቶኩዞ ቀድሞኝ ተቀምጧል። እትዬ ሂሳኖ ከፎቶግራፉ ፊት ሾርባ አኖረች፤ የሳህኑ ሥር እስኪታይ ቀጭን ነበር።

«ኢሳኩ፣ ጨው ቀንሼብሃለሁ» አለችው። «አትቀየመኝ። አንድ ዓመት ነው የሰጡን፤ እስኪያልቅ ድረስ እኔ መሞት የለብኝም።»

ከዚያ ለጋሽ ቶኩዞም ከዚያው ድስት ቀዳችለት። እሱ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ሳህኑን አስቀምጦ ወደ ፎቶግራፉ ዞረ።

«እትዬ» አለ፣ ከለቅሶው ወዲህ ጠርቷት በማያውቀው ጥሪ፣ «ለዶክተሩ ንገሪልኝ። እኔም ስሞት ይክፈቱኝና እዚያ፣ ወንድሜ ጎን ያስቀምጡኝ።»

እሷ ሳህኑን አነሳችና መልሳ እጁ ላይ አኖረችው።

«አትቸኩል» አለችው። «መጀመሪያ ይሄን ጠጣ።»